ሰላምታ የነፈግሁበት መንገድ

ልነግራችሁ የተነሣሁት ነገር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በቀኑ ስምንት ሰዓት አበቃ። ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሰዓትን በልኩ መናገር ልማዴ ነው። ይሁን እንጂ፣ አንባብያን ሆይ፣ እነዚያ ስድስት ሰዓታት ስለ ራሴ የነገሩኝ ነገር ሠላሳ አራቱ ዓመታት ከነገሩኝ ይበልጣል።

በመጀመሪያ ያን ጊዜ ማን እንደ ነበርሁ ላስታውቅ። የምኖረው በላሊበላ ከተማ ዳርቻ፣ ከሟች ባለቤቴ ጋር በሠራነው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ መሬት መለካት ነበር። በላስታ ተራራና ሸለቆ ላይ ሜትር እየዘረጋሁ፣ የገበሬውን ድንበር በመዝገብ እያሰፈርሁ አረጀሁ። በልኬቴ ላይ አቤቱታ ቀርቦ አያውቅም አልልም፤ ዳግመኛ ተለክቶ የተለወጠ ግን የለም። ይህን ስናገር ትንሽ እንደምኮራ አልደብቅም።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ዓይኔ ከግራና ከቀኝ እየጨለመ መጣ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረኝ። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ጠብታውን ካላቋረጡ ልናቆየው እንሞክራለን» አለኝ። የቀረልኝ እይታ በመቃ ቀዳዳ አጮልቆ እንደ ማየት ያለ ነው። ፊት ለፊቴ አንዲት ጠባብ ብርሃን አለች፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ያችም ብርሃን ትነጣለች።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝ ድንበር በዓይኔ ለይቼ «ይህ ያንተ፣ ያ የእሱ» ስል ነው። አሁን የገዛ ደጄን ድንበር መለየት አቃተኝ ብዬ እንዴት ልናገር? ስለዚህ እንደ ባለሙያ መላ ዘየድሁ፤ እርምጃዬን ቆጠርሁ። ከደጄ እስከ ቦኖው ውኃ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ከቦኖው እስከ ወፍጮ ቤቱ ሦስት መቶ አርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ልብስ ሰፊው በረንዳ መቶ ሰማንያ፣ ከዚያ እስከ ገበያው ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት። በጠቅላላው ሺህ ስድሳ አራት እርምጃ። ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከዘራዬን ይዤ ስሄድ ለተመለከተኝ ሰው ምንም አልጎደለኝም።

ዘዴው አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ሰው ሲያናግረኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። በእኛ አገር ደግሞ ሰላምታ አጭር ነገር አይደለም። ጤና ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ከብቱና ዝናቡ ሳይቀር ይጠየቃል። እኔም «እንደምን አደሩ» ሲሉኝ እጄን ብቻ ከፍ እያደረግሁ፣ በሆዴ «ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት» እያልሁ ማለፍ ጀመርሁ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሄድሁ። ሰዎች ቀስ በቀስ ሰላም ማለታቸውን ሲተዉ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መንገዱ ቀለለልኝ።

በዚህ መሐል ኮምቦልቻ የምታስተምረው ልጄ ሰብለ መጣች። ሐሙስ ማታ ገባች፤ ዓርብ ጠዋት ማልዳ ተነሥታ ቤቱን አጸዳች። ልጄ መልካም ሴት ናት፤ የነካችውን ሁሉ ከቦታው ታነሣለች። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የማስቀምጠውን የዓይን ጠብታዬን ፈልጌ አጣሁት። መስኮቱን ዳሰስሁ፣ ጠረጴዛውን ዳሰስሁ፣ ብርጭቆ ጥዬ ሰበርሁ። ለካስ ሰብለ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ኖሯል።

«አባዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምኑ?»

«ጠብታው እኮ ከእጅዎ አጠገብ ነው ያለው።»

ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ስትለቅም ድምፁ ይሰማኛል። ከጨረሰች በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ክፍል አሰናዳልዎታለሁ። አልጋዎ በመስኮቱ በኩል ይሆናል።»

«መስኮት ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«አይቀልዱ አባዬ። እዚህ ብቻዎን ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል? ቤቱን እናከራየዋለን።»

ወደ ልጄ ቤት መሄድ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚመኘው ነው። እኔን የከበደኝ ሌላ ነበር። በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ክፍል፣ አምጡልኝና ውሰዱኝ እያልሁ መኖር። በመዝገብ እንደ ተዘጋ ፋይል ሆኖ መቀመጥ።

«ነገ ቅዳሜ ነው» አልኋት። «ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዝቼ እመጣለሁ። ብቻዬን። አንቺ ከዚህ ግቢ አትወጪም።»

«ሽንኩርት?»

«ሽንኩርት። ተመልሼ ከመጣሁ እዚሁ እኖራለሁ። ካልተመለስሁ ሰኞ ሻንጣዬን አንቺ ትይዣለሽ።»

«ሰው እጅዎን ይዞ ካመጣዎትስ?»

«እሱም አለመመለስ ነው።»

ውላችን ይኸው ነበር። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ገበያ የምወርደው ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ለሰብለ አልነገርኋትም። መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል። ገለባ የጫነ አህያ ትከሻዬን ገፍቶኝ አለፈ። ቁጥሬን አጥብቄ ይዤ ቦኖው ዘንድ ደረስሁ፤ ጀሪካን ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ትክክል ነው።

«ጋሽ አያሌው! እንደምን አደሩ?» አለች አንዲት ሴት። በድምፅዋ ለየኋት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ወይዘሮ ዘነበች ናት። እጄን አነሣሁና አለፍሁ።

«ምን ሆኑ እኒህ ሰውዬ?» አለች አብራት የቆመች ሌላ ሴት።

«ተዪያቸው እቴ! ቢሮ ሳሉ ነበር ሰው የሚመስሉት። አሁን ለእኛ ሰላምታ ይበዛብናል» አለች ዘነበች፣ እንድሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እኔ ግን «ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት» ላይ ነበርሁና አልቆምሁም።

ወፍጮ ቤቱን አልፌ ዘጠና ሰባት እንዳልሁ ሁለት ክንዶች ድንገት አቀፉኝ። ትከሻዬ በትከሻ ተመታ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጣ አያ ሞላ የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ መሬቱን የለካሁለት ዛሬ ሃያ ዓመት ይሆናል።

«የኔ ጌታ አያሌው! አለህ በሕይወት? ደህና ከረምህ? ልጅህ ደህና? ጤናህ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አያ ሞላ፤ ደህና ነኝ።»

«እዚያ ድንበር ላይ የተከልኸው ድንጋይ እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም! ላሚቱም ወለደች። ዝናቡ ነው እንጂ…»

እጄን እንደ ያዘ ወደዚህም ወደዚያም እያዞረ አወራኝ። መልካም ሰው ነው፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነው። ሲለቀኝ ግን ቁጥሩም አቅጣጫውም ጠፍቶኛል። ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር፦ «ገበያው በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ። መሬቱን በለካሁለት ሰውዬ ፊት ይህን ማለት አልቻልሁም። «በል ደህና ሁን» ብዬ በግምት ተራመድሁ።

በስተግራ የሚታጠፍ፣ ድንጋይ የሚጭኑ መኪናዎች የሚገቡበት ጥርጊያ አለ። የገባሁት እዚያ ነው። የወፍጮው ድምፅ ከኋላዬ ሊሆን ሲገባው ወደ ግራ መዞሩን ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬን አላመንሁትም። የሰው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከእግሬ በታች አፈሩ አለቀና የድንጋይ ፍንጣሪ ይንኮሻኮሽ ጀመር። አንድ እርምጃ አስቀድሜ ከዘራዬን ሰደድሁ። ከዘራው መሬት አላገኘም።

ደግሜ ሰደድሁ። ባዶ ነው።

ካባው ነበር። የቤት ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ፣ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እየጠለቀ የሄደ ጉድጓድ። ጥልቀቱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ራሴ ለክቼዋለሁ። አንድ ጠጠር ከእግሬ ሥር አምልጦ ወረደ፤ ታች እስኪደርስ ቆየብኝ። በቀስታ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥሁ። ከኋላዬም ገደል ይሁን መንገድ እርግጠኛ አልነበርሁም። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ያችም ጠባብ ብርሃኔ ነጥታ ጠፍታለች።

እዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥሁ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ያፈርሁበትን ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ከካባው በላይ የሚኖረው ድንጋይ ጠራቢው ደሳለኝ ሲያልፍ አይቶኝ ከሩቅ ተጣራ።

«ጋሽ አያሌው! ምን ያደርጋሉ እዚያ?»

እርዳኝ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «አረፍ ብዬ ነው!» የሚል ነበር። ወደ እሱ እንኳ አልዞርሁም፤ መዞር ፈርቼ።

«ደህና፣ እንግዲህ ይረፉ!» አለ፤ ድምፁ ቅር ብሎታል። ኮቴው ራቀ።

ሞትን አልፈራሁም ብል ውሸት ይሆናል። ይበልጥ የፈራሁት ግን ሰው መጥቶ እጄን ይዞ ወደ ቤት እንዳይመልሰኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰኞ ሻንጣ ነው።

ብዙ ቆይቶ ዘንግ ድንጋይ ሲነካ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ። ከድምፁ ጋር በአፍንጫ የሚባል የዜማ ጉርምርምታ አብሮ ይመጣል። ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ።

«አያሌው።»

መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይጠጋል፤ ፈንጣጣ በሕፃንነታቸው ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ያም ሆኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ፣ ከተማውንም ብቻቸውን ሲዞሩ የኖሩ ናቸው።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ትሠራለህ?»

«አረፍ ብዬ ነው።»

«ፊትህን ወደ ገደል ሰጥተህ?»

«ወደ ገደል መስጠቴን በምን አወቁ?»

«ድምፅህ ታች ወርዶ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ከፊት ለፊቴ ሲያወራ እንዲህ አይሰማኝም።» «አይታይህም፤ አይደል?»

አንባብያን ሆይ፣ ለሐኪም ካልሆነ በቀር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቃል አወጣሁት። «አይታየኝም፣ የኔታ።»

«እኮ! ሦስት ወር ሙሉ ሰው እየመጣ ሲከስህ ነው የከረመው። አያሌው ኮራ፣ አያሌው ናቀን። አሁንም ደሳለኝ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ፊቱን እንኳ አላዞረልኝም እያለ ተማረረ። እኔ ደግሞ ኩራት በስተርጅና እንዲህ ባንዴ አይጀምርም፤ ይህ የዓይን ነገር ነው አልሁ።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ ዝም ስላልህ» አሉ ቀለል አድርገው። «በል አሁን አትነሣ። እንደ ተቀመጥህ ወደ ድምፄ ዙር። ዞርህ? ከዘራህን ፊትህ ስደድና ዳስስ። መሬት አለ?»

«አለ።»

«ተነሥና ወደ ዘንጌ ና።»

ዘንጋቸውን ድንጋይ ላይ እየመቱ ጠሩኝ። ጠቅ፣ ጠቅ። በእርግጥ ያን ያህል የረዘመ ዐሥር እርምጃ ሄጄ አላውቅም። ስደርስ ክንዳቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ ወደ ኋላ አልሁ።

«ሰው እንዳይዘኝ ከልጄ ጋር ውል አለብኝ» አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው።

ሳቁ። «እኔ ማንን ልይዝ ነው? ይልቅ ገበያውን በምን ልታገኘው ነበር የወጣኸው?»

«በቁጥር። ሺህ ስድሳ አራት እርምጃ ነው።»

«አህያ ሲገፋህስ? ሰው ሲያቅፍህስ?»

«ይጠፋኛል።»

«ስለዚህ ሰው መሰናክል ሆነብህ ማለት ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህም ይመስለኛል ዘልቆ የገባው። «በልጅነትህ ዳዊት ደግመሃል?»

«ደግሜያለሁ። ዛሬም በቃሌ ነው።»

«ስንተኛው ቃል እንደሆነ እየቆጠርህ ነው የምትለው?»

«አይደለም፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን ይጠራዋል።»

«ሲጠፋህስ መምህርህ ምን ያደርጉህ ነበር?»

«ካለፈው ሐረግ ያስጀምሩኛል።»

«መንገድም ይኸው ነው። ቦኖው ወፍጮውን ይጠራዋል፤ ወፍጮው ልብስ ሰፊውን። ጠሪው ድምፅ ነው፤ ከድምፅም ሁሉ የሰው ድምፅ ይበልጣል፤ ሰው ተጠይቆ ይመልሳልና። ሲጠፋህ አትገምት፤ ቁም፤ መጨረሻ ወደምታውቀው ተመለስ። አሁን ቁጥርህን ተውና ፊት ፊት ሂድ። እኔ ከኋላ ነኝ። ገደል ካለ ቀድመህ ትነግረኛለህ።»

እንዲህ ነው ሁለት ዓይነ ስውራን ከካባው የወጣነው፤ እኔ በወፍጮው ድምፅ፣ እሳቸው እየቀለዱብኝ። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አቆሙኝ።

«አሁን ሰላም በል።»

«ለማን?»

«ላለው ሰው።»

አየሩን ሰላም ማለት እንደ ዕብደት ታየኝ። ሆኖም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እንደምን ዋላችሁ!» አልሁ።

የስፌት መኪና ፔዳል ሲረገጥ ይሰማ የነበረው ጸጥ አለ። «ጋሽ አያሌው? እግዚአብሔር ይመስገን! ምነው ዛሬ ምን ተገኘ?» የልብስ ሰፊው የዓሊ ድምፅ ነው። በረንዳው ከእኔ በስተግራ፣ ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ እንዳለ በዚያች ቅጽበት አየሁት። አየሁት ማለቴን አታርሙብኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

«ዓሊ፣ ዓይኔ ደክሟል» አልሁት። «ሳልፍ ድምፅህን ስጠኝ። እስካሁን ዝም ያልሁህ ስለማላይህ ነው።»

«ያ ረቢ! እኔ ደግሞ ሱሪዎን ስላሳጠርሁብዎ የተቀየሙኝ መስሎኝ!» አለ። ምንም ተቀይሜ አላውቅም ነበር፤ ሱሪው ግን በእርግጥ አጥሮ ነበር።

ገበያው ዘንድ ስንደርስ የኔታ «እኔ ጉዳይ አለኝ፤ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» ብለው ተለዩኝ። ወይዘሮ ዘነበችን ፈልጌ ለማግኘት ስድስት ሰው ጠየቅሁ። ስድስቱም በየድምፃቸው ወደ ፊት አሳለፉኝ።

«ዘነበች፣ ጠዋት ያልሽውን ሰምቻለሁ» አልኋት።

«ይስሙ! ብዬ ነው የተናገርሁት።»

«አላየሁሽም ነበር። ማየት ትቻለሁ። ሰላምታሽን ያልመለስሁት እርምጃ እየቆጠርሁ ስለነበር ነው።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ወይኔ ልጅቱ! እኔ እኮ የአባቴን መሬት ሲለኩ ያጎደሉብን ታውሷቸው አፍረው ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ!»

«አላጎደልሁም!» አልሁ፤ ገበያው መሐል መሆኔን ረስቼ። «የአባትሽ ማሳ ዳገት ስለሆነ በዓይን ሲታይ ይሰፋል እንጂ…»

እሷና ጎረቤቶቿ በሳቅ ፈረሱ። ራሴም ሳቅሁ። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እጄ ላይ እያስቀመጠች አስዳሰሰችኝ፤ የለሰለሰውን እኔው እንድመልስ። «እኔ ልምረጥልዎ አልልም፤ መራጩ እርስዎ ነዎት» አለች። ይህን ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

የመመለሻው መንገድ ቀላል አልነበረም። በየደረስሁበት ሰላም ስል ሰው ሁሉ የሦስት ወሩን ውዝፍ በአንድ ቀን ሊያወራርድብኝ ፈለገ። ከዓሊ በረንዳ ተነሥቼ ግን ሰው የማይበዛበት ስፍራ ደረስሁ፤ ወደ ካባው የሚታጠፈው ጥርጊያ ያለበት ነው። የወፍጮውን ጩኸት ፊት ለፊቴ አድርጌ እሄድ ነበር። ድንገት ጩኸቱ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ጠፋ። መብራት ሄዷል።

ጸጥታው እንደ ግድግዳ ቆመብኝ። እግሬ በልማዱ ሊገምት ቃጣው። አልፈቀድሁለትም። ቆምሁ፤ የኔታ እንዳሉት ወደማውቀው፣ ወደ ዓሊ ፔዳል ድምፅ ተመለስሁና እንደገና ጀመርሁ። የፔዳሉን ድምፅ በትክክል ከጀርባዬ አደረግሁት። እየራቅሁ ስሄድ እሱም ጠፋ። ከጫማዬ ሥር አንዲት ፍንጣሪ ተንኮሻኮሸች።

«እንደምን ዋላችሁ!» ብዬ ጮህሁ።

ማንም አልመለሰም። ደግሜ ጮህሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ኩራት አልቀረልኝም። ከላይ በኩል የድንጋይ መዶሻ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ጋሽ አያሌው ነዎት?» ደሳለኝ ነው። «አሁንም ሊያርፉ ነው?»

«አይደለም ወንድሜ። ዓይኔ አያይም። ጠዋትም ዋሽቼህ ነው። ካባው በየት በኩል ነው?»

ሲሮጥ ሰማሁ። «ቀኝዎ ላይ ነው! ልምጣ ልያዝዎ?»

«አትያዘኝ! ንገረኝ ብቻ።»

«ግራዎን ይያዙ… ትንሽ ተጨማሪ… አዎ፣ አሁን ቀጥ ይበሉ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ውጭ ቆመው እያወሩ ነው፤ ይሰሙዎታል?»

አዳመጥሁ። ይሰማሉ። መብራት የሄደባቸው ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ወፍጮ ቤቱን ይራገማሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግማን አስደስቶኝ አያውቅም።

በስምንት ሰዓት ቤቴ ደረስሁ። ሰብለ ከግቢው አልወጣችም፤ ውሏን ጠብቃለች። አጥሩ ሥር ቆማ ታለቅስ እንደ ነበር ግን ድምፅዋ ነገረኝ። ዘንቢሉን ሰጠኋት። የጧቱን ነገር፣ ካባውን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ተረክሁላት። ልደብቀው እችል ነበር፤ ደብቄው ግን ያሸነፍሁት ነገር አይኖርም ነበር።

«ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው አረፍ ብዬ ነው አሉ?» አለች።

«አልሁ።»

«እንዲህ የሚል ሰው ትቼ እንዴት ልሂድ?»

«ያ ሰው አልተመለሰም። የተመለስሁት እኔ ነኝ፤ መንገድ የጠየቅሁት።»

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዬ ርቃ ተከተለችኝ። ከየበሩ ስሜ ሲጠራ፣ እኔም ስመልስ፣ ስጠይቅና ስጠየቅ ሰማች። ሰኞ ማለዳ ወደ ጋሸና የሚሄደው መኪና ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ከመሳፈሯ በፊት «በየቀኑ ማታ ይደውሉልኝ» አለች። ስለ ቤቱ ምንም አላነሣችም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም የምኖረው በቤቴ ነው። በቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር በሚለው ማኅበራችን፣ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ ዓይኔ በተናገርሁ ዕለት ሦስት አዛውንቶች ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ፤ ሦስቱም ሲደብቁ የኖሩ ናቸው። ቅሬው በካባው አፋፍ የድንጋይ አጥር ሠራ። እኔና የኔታ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ፣ ከደጁ እስከሚፈልገው ቦታ ድረስ መንገዱን በድምፅ እናስጠናለን። እጅ አንይዝም፤ ከኋላ እንሄዳለን። ዕቃን ከቦታው አለማንቀሳቀስን ለቤተሰብ የማስረዳው እኔ ነኝ፤ በዚህ ረገድ ጥብቅ ነኝ። ሐኪሙ በሽታው በዘር ይወርዳል ስላለኝ ወንድሞቼንም ወስጄ አስመርምሬያቸዋለሁ፤ የአንደኛው ግፊት በጊዜ ተደርሶበታል።

እናንተ የምታነቡ፣ ከምታውቋቸው አዛውንቶች አንዱ ሰላምታ ቢነፍጋችሁ ከመቀየማችሁ በፊት ቀረብ ብላችሁ ስማችሁን ንገሩት። «እስቲ ማን ነኝ?» እያላችሁ በድምፅ አትፈትኑት፤ ፈተና አይደለም የሚፈልገው። ክንዱንም ሳይጠይቃችሁ አትጎትቱ። ልጆች ከሆናችሁ፣ አባታችሁ ብቻውን የሚሠራት አንዲት ጉዳይ ብትኖር አትውሰዱበት። እንደ እኔ የደበቃችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ያን ቃል አንድ ጊዜ አውጡት። ከባዱ የመጀመሪያው ነው፤ በገበያው ውስጥ ስድስተኛው ሰው ዘንድ ስደርስ እንደ ማንኛውም ወሬ ሆኖልኝ ነበር።

ይህን ጽሑፍ በድምፄ በስልኬ ቀድቼ ለሰብለ ላክሁት፤ እሷ ጻፈችው፤ መልሳ ስታነብልኝ ሁለት ቦታ አርሜያታለሁ።

በአሁኑ ጊዜ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ በራቸውን ዘግተዋል። ሁለት ቅዳሜ ሄድሁ፤ ከውስጥ «ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንሁም» አሉኝ። ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም በዚያ ድምፅ ተናግሬያለሁ። ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ፣ ስሜንና የመጣሁበትን መንገድ ነግሬያቸው ተመለስሁ። በሩ ገና አልተከፈተም። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ወንበራቸውን ወደ በሩ ሲያስጠጉ ሰምቻለሁ።